ስድስት ጠርሙስ ፕሮሴኮ፣ ሁለት ጾመኛ

ኅዳር 18 ቀን 1994፣ ማክሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ (ለእኔው ማለት ነው)፦ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ተወርሯል። ወራሪዎቹ ስድስት ጠርሙሶች ናቸው። ጎመንና ካሮት ያለ ማስጠንቀቂያ ተፈናቅለዋል። ጉዳት የደረሰበት፦ አንድ ቲማቲም።

ፕሮሴኮ ይባላል። አረፋ ያለው ነጭ ወይን ጠጅ። ከአሠሪዬ ከማዳም ፊዮሬላ አገር፣ ከጣሊያን የመጣ ነው። «ቅዳሜ ሳምንት ስምንት እንግዳ አለ» አለችኝ። «ከሱ ጋር የሚስማማ ምግብ ትሠሪያለሽ።» እሺ። «የመኖሪያ ወረቀትሽን ከግብዣው በኋላ... እናያለን።»

እናያለን? እዚህ ጅቡቲ፣ ሐራሙስ ሰፈር ሦስት ዓመት ሠራሁ። በእናያለን ተጀምሮ በደህና ያለቀ ነገር አልገጠመኝም።

ኅዳር 19

ስለ ጌታው ጠርሙስ ጠባይ ማዳም ገለጻ ሰጠች። ጨው ጨው የሚል ይወዳል። የተጠበሰ ይወዳል። ሽሪምፕ፣ ነጭ ዓሣ፣ ለጋ አይብ... በርበሬ ከበዛ ይቀየማል። ሙቀት አይችልም። ታዲያ ጅቡቲ ምን ሊሠራ መጣ?

ማይሙናን አማከርኳት። የድሬ ልጅ ናት፣ ወጥ ቤቱን አብረን ነው የያዝነው። «እኔ ጠርሙሱን በእጄ አልነካም አቦ! በረመዳን ደግሞ!»

ምክክሩ በዚሁ ተጠናቀቀ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ልምምድ ተደረገ። ዓሣ፣ ለምሳ፣ ለማዳም ብቻ። ውድቀት።

እኔ የነቢያትን ጾም ይዣለሁ፣ ዓሣ አልቀምስም። ማይሙና ረመዳን ላይ ናት፣ ውሃም አትቀምስም። «ጨው አድርገሻል?» «መሰለኝ።» መሰለኝ አላረካኝም፣ ጨመርኩ። ዞር ስል እሷም አላመነችኝም፣ ጨመረች። ማዳም አንዴ ጎረሰች... ሹካውን አስቀመጠች። ውሃ ጠጣች። ደግማ ጠጣች።

«ማናችሁ ናችሁ የቀመሳችሁት?»

«ማይሙና» አልኩ።

«ዙፋን» አለች ማይሙና የእኔን ስም ጠርታ፣ እኩል።

«እንዲህ ከሆነ ከሆቴል ሰው አመጣለሁ።»

ለመዝገብ ያህል፦ በዚህ ወጥ ቤት ቀማሽ የለም።

ለምን እውነቱን አልነገርናትም? የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ መሪማ «የጾመ ሰው ጉልበት የለውም» ተብላ አይደል የተባረረችው...

ኅዳር 26

ወረቀቱ ታኅሣሥ አሥር ያልቃል። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። ዛሬ የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ቦርሳዬን ስነካ ዋልኩ።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ትናንት...

እንግዶቹ ለአሥራ ሁለት ተኩል ተጠርተዋል። የዓሣው ድስት ተጥዷል። ጨው ልጨምር? ልተው? የሆቴሉ ሰው በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። ማዳም በሐር ቀሚሷ ገባች። አፌ አመለጠኝ፦

«ማዳም፣ ይሄን ማንም አልቀመሰውም። የባለፈውንም አልቀመስነውም። እኔም ጾም፣ እሷም ጾም።»

ተራ በተራ አየችን። «ሁለት ሳምንት ሙሉ... በግምት ነው የምታበስሉት?»

ማንኪያ አነሳች፣ ቀመሰች። «ጨው የለውም!» (ከባለፈው ፈርተን ነዋ።) በሐር ቀሚሷ ራሷ ጨመረች።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ማይሙና የምስር ሳምቡሳዋን ከዘይቱ አወጣች። ይሄኛውን ማታ ማታ እኔም እሷም እንበላዋለን፤ ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው። ማዳም አንዱን አነሳች። ገመጠች። ፕሮሴኮ ከፈተች፣ ጠጣች፣ እንደገና ገመጠች።

«ይሄ የት ነበር?»

«ማፍጠሪያዬ እኮ ነው!» አለች ማይሙና።

«ስንት አለ?»

«አርባ።»

«ለአንድ ሰው?»

«ለሰፈሬ፣ ለካርቲዬ ስድስት ጎረቤቶቼም ነው። ለመጠጥ ማጣጣሚያ አልሠራሁትም፣ ወላሂ!»

ጎተት አደረግኳት። «እህቴ፣ አንቺ የምትሰጪው ምስር ነው። በምን እንደሚያወራርዱት የነሱ ጉዳይ።»

«አንቺ ደግሞ ቄስ ነሽ ሼኽ?»

አሥራ ሁለት ለጎረቤት አስቀርታ ሌላውን ለቀቀች። ሳህኑ ሦስቴ ወጣ፣ ሦስቴ ባዶውን ተመለሰ። ዓሣውም ተበላ። ማዳም ስለ ወረቀቱ ግን ምንም አላለች። ምንም...

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

ወረቀቱ ተፈረመ። አምስት ጊዜ አየሁት። ስሜ በትክክል ተጽፏል፣ ፎቶው እኔን አይመስልም፣ ይሁን።

እርማት፦ ኅዳር 22 ቀን «በዚህ ወጥ ቤት ቀማሽ የለም» ተብሎ የሰፈረው ተሽሯል። ቀማሽ አለ። በየቀኑ ከምሳ በፊት የራሷን ማንኪያ ይዛ ትገባለች፤ ስታረፍድ ማይሙና ትቆጣታለች። ስሟ ማዳም ፊዮሬላ ነው። ለጊዜው በሙከራ ላይ ናት።