በሬው አየር ላይ ቀረ

ይመኙሻል ሆይ፣

ሥዕሌ ላይ በሬ ሳሉብኝ።

በሞት ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። ጌሾሽ ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ልጃችን አለሚቱ ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች።

ለግንቦቱ በዓል ሥዕል ይላኩ ብሎ የበዓሉ ኮሚቴ ጠየቀኝ። ከግርጌው አንድ ቀይ መስመር ብቻ ያለበትን ነጩን ሸራ ጠቅልዬ ላክሁ። በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ስገባ፣ መስመሬ ላይ አንድ ቀንዳም በሬ ቆሟል፤ ከሥሩ ስሜ ተጽፏል። ለካ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንዱ የጀርባውን መደብ ቀብቶ ሌላው መልኩን እንደሚያወጣ፣ እኔም መደቡን ቀብቼ ጉልበት ከድቶኝ የተውሁት መስሏቸው፣ ከቡሬ የሆቴል ማስታወቂያ የሚሥል ሰው አምጥተው «አስጨርሰውልኛል»።

ከማን እንደተማርሁ አያውቁም። ክረምት ሲወጣ ግድግዳ ስትለስኚ ቆሜ አይሽ ነበር። ነጩን አፈር በመዳፍሽ አንዴ ታሳልፊና አትመለሺበትም፤ የተመለሱበት ልስን ይሰነጠቃል ትይ ነበር። ከግርጌው በቀይ አፈር ትዘጊዋለሽ። እኔም መጀመሪያ ዛፍ ሳልሁ፣ ሰው ሳልሁ፤ ሁሉም ውሸት ሆነብኝ። አንዱን ስቀንስ፣ ሌላውን ስቀንስ፣ መስመሩ ቀረ። እሱንም ልደግመው ብሩሽ ሳነሳ ከኋላዬ ቆመሽ፣ «አልቋል፤ እጅዎን ያንሡ» አልሽኝ። ሌላ መምህር የለኝም።

ስሜን አጥፉ አልኋቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «አባባ፣ በሬ ጠሉ እንዴ?» አለኝ። በሬ ሲያምረኝ በረቴ እሄዳለሁ አልሁት። ሰዉ ሳቀ። አለሚቱ እጄን ይዛ፣ ለሥዕሉ የሚሰጥዎትን የምስክር ወረቀት ተቀብለው ዝም ይበሉ ብላ ለመነችኝ፤ የኮሚቴው ሰዎች የመንግሥት ሹሞች ናቸውና ለሥራዋ ፈርታለች። ፍርሃቷ ገባኝ። ግን አንቺ አልቋል ያልሽውን ሥራ አላለቀም ብዬ በፊርማዬ ላጽድቅ? ወንበር ስቤ ወጣሁና በኪስ ቢላዬ ቀዩን መስመር ከነስሜ ቆርጬ ወሰድሁ። በሬው አየር ላይ ቀረ።

አለሚቱ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። ትቆጣ፤ እጠብቃታለሁ። ይቅርታ ይጠይቁ ብላ ከመጣች ግን እንደ እናቷ ጠንካራ ልጅ ናት ብዬ ጠላ ቀድቼ እሸኛታለሁ እንጂ አልጠይቅም። አዲስ ሸራ ወጥሬያለሁ።

አንቺን እስክሞት አስብሻለሁ። ይህን ነገር ለአንቺ መንገር ነበረብኝ፣ ነገርሁሽ። ከእንግዲህ የንስሐ አባቴ ቢጠይቁኝ፣ ልጄ ብታለቅስ፣ አንቺም በሕልሜ መጥተሽ ብትለምኚኝ፣ ይህ ነገር ዳግመኛ ከአፌ አይወጣም።