ስለ አሥራ ሦስቱ አድራሻዎችና ስለ ሠራሁላቸው ፍሬም

ለተከበሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ግድግዳዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም በማንም የማይደፈር ይሁን እያልኩ፣ ከቢሮዎ ትይዩ ያለሁት አናጺ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። ልጄ በሩቅ ከተማ ሴት ልጅ ወልዳ አያት አድርጋኛለች፤ ከደስታዬ ብዛት ትናንት መጋዜን እንደያዝኩ ለጸሎት ልቆም ነበርና፣ ጽሑፌ ቢዘላብድ ይቅር ይበሉኝ።

ልጄ «አባዬ፣ መጀመሪያ ፊቷን እይና ስም አውጣላት» ብላኛለች፤ የልደት ምዝገባው ዓርብ ነው። ፊቷን ለማየት ስልኬን ስከፍት ግን «አልተገኘም» ይለኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የቢሮዎ ማሽን የማንኛውንም ድረ ገጽ ስም መገኛ ለማወቅ አስቀድሞ የሚጠይቃቸውን የአሥራ ሦስቱን ሩት ሰርቨሮች አድራሻ በመስታወት ፍሬም አሰቅለው ስላከበሩልን እናመሰግናለን። ጥቂቶቹ ቤት ከቀየሩ ዓመታት አልፈዋል። ማሽንዎ ግን ታማኝ ነውና ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ይውላል፤ ወደ ሌላው እስኪዞር ስልኬ ተስፋ ይቆርጣል።

፪ኛ፦ የቢሮዎ ቴክኒሻን ዝርዝሩን ማሽኑ ውስጥ አድሳ ሳለ፣ እርስዎ «ከጸደቀው ጋር አይመሳሰልም» ብለው ከፍሬሙ ላይ እያነበበች አሮጌውን መልሳ እንድታስገባ ማዘዝዎን ስሰማ በጥንቃቄዎ ተደምሜያለሁ። ስጠይቃት «አባባ፣ እኔማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መስታወቱን ማን ይድፈር?» አለችኝ።

፫ኛ፦ በደለኛው እኔ ነኝ። ፍሬሙን የሠራሁት፣ ዳግመኛ እንዳይከፈትም በሙጫና በምስማር የጠረቀምኩት እኔው ነኝ፤ ፈጣሪ ይማረኝ። ራሴን ስመረምር ደግሞ ሌላም አገኘሁ፤ የሟች ባለቤቴን ስልክ ቁጥር እስከ ዛሬ አልሰረዝኩም፤ እንደማታነሳ እያወቅኩ አልፎ አልፎ እደውላለሁ። ስለዚህ አሮጌ አድራሻ የሚወድን ሰው ለመንቀፍ አፍ የለኝም። ልዩነታችን፣ እኔ ሰፈሩን በሙሉ ወደ እሷ አለመላኬ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መዶሻዬን ይዤ ደጅዎ እቆማለሁ። ይፍቀዱልኝና የራሴን ምስማር ልንቀል፤ ቴክኒሻኗ አምስት ደቂቃዋን ታግኝ፣ የልጅ ልጄም ስሟን።

በማይናወጥ ውሳኔዎ ጥላ ሥር ተጠልዬ በአክብሮት የምሰናበት፣
አናጺው አያት

ማሳሰቢያ፦ አሮጌውን ፍሬም አደራ እንዳይጥሉት። ልኩን ሳየው ለእርስዎ ፎቶግራፍ ይስማማል፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ከዝርዝሩ ሌላ ሳይታደስ የቆየ እርስዎ ብቻ ነዎት።