ጥቁሩን ፍሬ ማን ጨመረው?

ለምወድሽ ለእትዬ፣ ቡሌ

እንደምን ሰነበትሽ? የቡሌ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለሽም የሚሉኝ ሰዎች ግን በዝተዋል። በስልክ ያልነገርኩሽ ልጄ ውዳሴ ጆሮዋን ስለምትጥል ነው። ስኳሩን እንኳ ደብቃብኛለች!

እንደምታውቂው እዚህ ዲላ መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ የተበላሸውን ጥቁር ፍሬ ለቅመው አውጥተው የሚያስረክቡትን ቡና አይቼ፣ የለቃሚዋን ስም ጆንያው ላይ የምጽፍ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ጆንያ ጥቁር ፍሬ ሞልቶበት ከገዢ ተመለሰ። የሀዊ ስም አለበት። ሰባት ዓመት የለቀመችልን ልጅ፣ ይሄ የእኔ ጆንያ አይደለም ብላ ብትምል ብትገዘት አላመንኳትም፤ ለመጋዘኑ ባለቤት ነግሬ አስወጣኋት። ከወጣች ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሞላ ሌላ ጆንያ ደግሞ ተመለሰ። አሁንም የሀዊ ስም፣ ያውም በእኔው ጽሕፈት! እኔ መጻፌን አላስታውስም። ሚዛን ላይ የሚቆመው ቶሌራ ጽሕፈቴን ሳያስመስል አልቀረም።

ውዳሴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ውፍረቱና ስኳሩ ዓይንሽን እየጎዳው ነው፣ መርሳቱም ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ የዓይን ሐኪም ቶሎ ይይሽ አለኝ። እኔን ጾመኛዋን! ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ ሳልነካ፣ በሻይ፣ በዳቦና በፓስታ የከረምኩ ሰው በምን እወፍራለሁ? አራት ማንኪያ ስኳር ጾም አይሽር። ሰፈሩ ሁሉ ተመችቶሻል ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ። ውዳሴ ሐኪሙን ቀድማ አስጠንታዋለች።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሀዊ ቤት ሄድኩ፤ እውነቱን አውጪ ልላት። አልተቆጣችም። ጥሬ ቡና በሰሃን አቅርባ ጥቁሩን ልቀሚልኝ አለችኝ። ለቅሜ ለቅሜ፣ በቃ ንጹሕ ነው አልኳት። ሰሃኑን በሩ ጋ ብርሃን ላይ ወስዳ አየችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ነገ ዓይን ሐኪም ቤት እኔ እወስድሻለሁ አለችኝ።

ከእንጀራዋ ያፈናቀልኳት ሴት እኔን ምን ልታደርገኝ ነው? እትዬ፣ ፈርቻለሁ። እሺ ግን ብያታለሁ። መጀመሪያ መጋዘን ጎራ እንላለን፤ ስለ ሀዊ ለባለቤቱ የምነግረው አለኝ።

ማርያም ከቤትሽም ከእንሰትሽም በረከቷን አታጉድልብሽ። መልስ ስትጽፊ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፤ ውዳሴ እንዳታነብልኝ።

ታናሽሽ