ማስተዋል ቆመች

የኔዋ ጥሩዬ፣

ከዚህ ዓለም ከተለየሽን ዐሥር ወር ሊሞላሽ አንድ ሳምንት ቀረሽ። እስከ ዛሬ ልጽፍልሽ እያሰብኩ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማን ልንገር? ልጃችን ቆመች! ስትሄጂ የአንድ ወር ጨቅላ የነበረችው ማስተዋል ትናንት ጠዋት መደቡን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ብድግ አለች። እኔ ሞፈሩን እንደተሸከምኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

ፈርተን ነበር እኮ። በዘጠኝ ወሯም ሳይደግፏት አትቀመጥም፤ ድምፅ አታወጣም። እናቴ ብርድ እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ብላ ቀኑን ሙሉ ከአንቀልባ አታወርዳትም ነበር። በኋላ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታችን መጣች። ቁርበት አስነጥፋ ደግፋ አስቀመጠቻት፤ ቁልፎቿን እያንሿሿች ዘወር ትል እንደሆነ፣ እጇን ትዘረጋ እንደሆነ አየች። ከዚያ ቤቱን ቃኘችና፣ «ማን ያጫውታታል? ማንስ ያናግራታል?» አለችን።

እናቴ፣ «አፍ ያልፈታ ልጅ ምን ወሬ ያውቃል?» ብላ ሳቀች። እኔስ? እውነቱን ልንገርሽ? ዓይኗ ያንቺው ነውና ፊቷን ማየት አቅቶኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ወደ ገብሱ እወጣለሁ፤ ስመለስ ተኝታለች። አንቺ ግን ገና በሆድሽ ሳለች፣ ባቄላ እየፈለፈልሽ በደጃችን ወደ መካነ ኢየሱስ ገበያ የሚያልፈውን ሁሉ ትነግሪያት ነበር፤ እኔም አበድሽ እያልኩ እስቅብሽ ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ በደንብ ይዘዋታል፤ ግን መሬት ላይም ይልቀቋት» አለች ሠራተኛዋ። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «አንተም አናግራት» አለችኝ።

ጀመርኩ። የምለው ቢጠፋኝ ስለ በሬያችን ስለ ቦራ አወራኋት፤ አፍ አፌን ታይ ጀመር። ቅል ውስጥ ሽምብራ ጨምሬ፣ አፉን አጥብቄ ወትፌ ሰጠኋት፤ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። በወሩ ተቀመጠች፤ ቀጥላ ዳኸች፤ ይኸው ትናንት ቆመች! ቆማም «ባ!» አለች። እኔ «አባ» ማለቷ ነው እላለሁ፤ እናቴ በሬውን ነው የጠራችው ብላ ትስቅብኛለች።

ጥሩዬ፣ ሐዘኑ እንዳይብስብን ብለን ስምሽን ማንሳት ትተን ነበር። ዛሬ ማለዳ ግን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ «እናትሽ ጥሩወርቅ ትባላለች» አልኳት። ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። በገዛ አፏ እስክትጠራሽ ድረስ በየቀኑ እነግራታለሁ።

ባልሽ ደምሌ