በሲሚንቶው ላይ የበቀለው ኮራል

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬ ወንድሜ ለሜሳ ከጅቡቲ ደወለ። እዚያ ባሕር ጠላቂ ሆኖ ነው የሚሠራው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ የነጣው ኮራል፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ አገግሞ እንደሆነ ሊያዩ ከባልደረቦቹ ጋር ወርደው ነበር። ሰዎች ኮራል እንዲያድግበት ባሕሩ ውስጥ ባስቀመጡት የሲሚንቶ ብሎክ ላይ ትንንሽ ኮራሎች በቅለዋል። የተፈጥሮው ግን ሞቶ አልጌ ለብሷል።

"አዲሱ ሲያድግ ይተካዋል አይደል?" አልኩት። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም።

"የበቀለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ እቴ። ያኛው ስንት ዓይነት ነበረው! ሙቀቱ ከተመለሰ ደግሞ ይሄም ይነጣል።"

ስልኩን ስዘጋ እናታችን "ማል ጄዴ? ምን አለ?" አለችኝ።

"ባሕሩ ታሟል።"

"እግዜር ይማረው" አለች፣ ለሰው እንደሚባለው። አሜን ማለት አቃተኝ።