ባዶ ወረቀት ትክክል አይባልም

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ፣ ያቺ የምታስነክስህ ሕመም ተሻለችህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? ሥራውስ፣ ቅዝቃዜውስ? ሁሉንም ከልቤ እጠይቃለሁ፤ ተቆጥቼም ቢሆን ጤናህን መመኘት አልተውኩም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቤቱ ግን ደህና አይደለም፤ ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ዋሽቼሃለሁ።

ታናሽ እህታችን ከክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ከታገደች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ይህን ታውቃለህ። የማታውቀውን፣ ወይም እንዳላወቀ ሰው የሆንክበትን፣ በቅደም ተከተል ልጻፍልህ። ቁጭ ብለህ አንብብ፤ እንደ ልማድህ ወደ መጨረሻው አትዝለል።

ነገሩ የሆነው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ወረፋው ከበሩ አልፎ እስከ ደረጃው ደርሷል። የአናጢው ሚስት የዘጠኝ ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። ሐኪሙ ያዘዘው የትኩሳት ሽሮፕ ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ፣ ግማሽ ማንኪያ፣ ነው። ታናሻችን ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ ነጥቧን ዘለለቻት፤ ሃያ አምስት ሆነ። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ራሷም አልካደችም። ግን አንተ ያን ፕሮግራም የሠራህላቸው ለዚሁ ነበር፤ የሰው እጅ ሲስት ቀይ እንዲያበራ። አረንጓዴ አበራ። እናቲቱ "አምስት ማንኪያ አይበዛም ወይ፣ እህቴ?" ብላ ጠይቃ ነበር። ታናሻችን ስክሪኑን አየችና "አይዞሽ፣ ኮምፒውተሩ አረጋግጦታል" አለቻት። ሕፃኗ ስታስመልስና ስትደነዝዝ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተርፋለች። ትናንት ሄጄ አይቻታለሁ፤ የመነጽሬን ክር ይዛ አልለቅም አለችኝ።

ከዚያ የክሊኒኩ ኃላፊ ጠየቀህ፤ አንተም "ፕሮግራሙ በዕለቱ ምንም ስህተት አልመዘገበም" ብለህ ጻፍክለት። የታገደችው በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በስልክ ስጠይቅህም "ጋሼ፣ ኮድ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰው ነው" አልከኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር፣ እንዲህ ንዴት ሲይዘኝ ወደ ሰሌዳው ዞሬ እስኪበርድልኝ ጠመኔ እሰብር ነበር። አሁን የምሰብረው ጠመኔም የለኝ።

የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች የሚጠግነውን፣ ሽቦ እያሉ የሚጠሩትን ሰውዬ፣ የአንተን ፕሮግራም ጽሑፍ፣ ኮዱን፣ እንዲያትምልኝ ለመንኩት። አራት ገጽ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከምሳ በኋላ እየተቀመጥን፣ እሱ እያስረዳኝ እኔ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ፣ መስመር በመስመር አነበብነው።

የሚመሰገነውን አልነፍግህም። ሰርቨሩ፣ ማለት ዋናው ኮምፒውተር፣ የሚሠራው ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ የመጠን ደንቡን ግን ድሮ ለስክሪኑ ገጽ በሌላ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ ጽፈኸው ነበር። ገጹን ማንም ሊነካካው ይችላል ብለህ ፍተሻውን ወደ ሰርቨሩ አዛወርክ። ደንቡን በሌላ ቋንቋ እንደገና ከመጻፍም፣ ያንኑ ጃቫስክሪፕት እዚያው ፒኤችፒው ውስጥ እንዲሮጥ አደረግህ። አንዱን ደንብ በሁለት ደብተር የሚጽፍ ሰው አንዱን ማበላሸቱ አይቀርምና፣ ትክክል ነህ። ጃቫስክሪፕቱ በሁለት ሴኮንድ ካልጨረሰ ፒኤችፒው ያቋርጠው ብለሃል። ይህም ትክክል ነው፤ እኔም ሰዓት ሲያልቅ ወረቀት ሰብስቤአለሁ።

የሰበሰብከው ወረቀት ባዶ ሲሆን ግን ምን አደረግህ? ሦስተኛው ገጽ፣ መስመር ሰማንያ ሰባት ላይ፣ ፍተሻው ገና ሳይጀመር "ተፈቅዷል" ብለህ ጽፈሃል። የሚሰረዘው ጃቫስክሪፕቱ "አይሆንም" ካለ ብቻ ነው። ሰዓት አልቆበት ከተቋረጠ፣ መቋረጡን የትም ሳትመዘግብ ውጠኸው ታልፋለህ፤ "ተፈቅዷል" እንዳለ ይቀመጣል። ሽቦ "መምህር፣ ይሄ እኮ እንቅልፋም ዘበኛ ነው፤ ማነው ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይሰማ በሩን ይከፍታል" አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ከጎኑ የራስህን ማስታወሻ ሳነብ ግን ሳቄ ደረቀ። "ለጊዜው ነው፣ በኋላ ይስተካከላል" ይላል። ከተጻፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል።

ያኔ የመድኃኒቱ ዝርዝር ሁለት መቶ ነበር፤ አሁን አንድ ሺህ አራት መቶ ደርሷል። ደንብህ አንዱን ለማግኘት ሁሉንም ያገላብጣል፤ ሥራ ሲበዛ ሁለት ሴኮንድ አይበቃውም። ያንኑ ሃያ አምስት ሚሊ ወረፋ በበዛበት ሰዓት ሃያ ጊዜ አስገብተን ሞከርን። አሥራ ሁለቱ ቀይ። ስምንቱ ላይ ሰዓቱ አለቀ፤ ስምንቱም አረንጓዴ። ሠንጠረዡን አያይዤልሃለሁ። "ስህተት አልመዘገበም" ያልከው እውነት ነው፤ እንዳይመዘግብ ያደረግኸው አንተ ነህና።

ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ባዶ ወረቀት አስረክበኸኝ ዜሮ ስሰጥህ፣ "ምን ተሳሳትኩ?" ብለህ አልቅሰህ ነበር። ያኔ ልጅ ነው ብዬ ሳቅሁብህ።

መሳሳትህን ይቅር ማለት አይከብደኝም። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። መስመር ሰማንያ ሰባትን ለታናሻችን አሳየኋት። አንብባ አጠፈችውና፣ "ለኮሚቴው እንዳታሳይብኝ፤ እሱ በሰው አገር ያለው ስሙ ብቻ ነው፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም" አለችኝ። ጉዳዩን የሚመረምረው የክሊኒኩ ኮሚቴ ስለ ፕሮግራሙ ሲጠይቃት ዝም ብላ ነበር። ዝምታዋንም ጥፋቱን ሁሉ እንዳመነች ቆጥረው ጻፉባት። እነሱም እንደ ሰርቨርህ ሆኑ።

የመጨረሻው ውሳኔ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሥራ ፈቃዷ በዚያ ቀን ይሰረዛል ወይም ይመለስላታል። ደብዳቤው እንዳይዘገይ ሽቦ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል፤ ስለዚህ አልደረሰኝም አትበለኝ። ለኃላፊው ጻፍ። መስመሩን በቁጥሩ ጥቀስ፤ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ምን እንዳሳለፈ። "የቴክኒክ ችግር" የሚል ቃል እንዳላይ። ነጥቧን የዘለለችው እሷ መሆኗንም ጻፍ፤ የድርሻዋን ትቀበል፣ የአንተን ግን አትሸከም። መስመሩንም ዛሬውኑ ገልብጠው፤ መልስ ካልመጣ ቀይ ይብራ። እስከ ዋዜማው ረቡዕ ካልጻፍክ አራቱን ገጽ ይዤ ራሴ እገባለሁ። እሷ ብትቀየመኝም እገባለሁ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ብታነበው ደስ ይለኛል። ትልቁ ልጅህ የላከልኝን ሥዕል የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ለጥፌዋለሁ በለው፤ ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ቃሉን አለዝበው ብላኝ እምቢ ብያታለሁ። ሽቦም ሰላም ብሎሃል፤ "ጎበዝ ነው እኮ" ይልሃል፣ እኔንም ይበልጥ ያናደደኝ ይኸው ነው። ታናሻችን ሰላም አላለችህም፤ መጻፌን አታውቅም። ነጭ ጋውኗን ግን ለሐሙስ ብላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ከበሩ ኋላ ሰቅላዋለች።

ታላቅ ወንድምህ
ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ ሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን