ቁልቁለቴን ለወሰዱብኝ የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ፍቅሬ
የመንደራችን የኮብልስቶን መንገድ ሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ በገዛ ድምፄ የተወሰደብኝን ቁልቁለት ይመለከታል

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ድንጋዩ በተነጠፈባቸው ወራት ከዚያች ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ሳይነሡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቆጣጠሩ ስለከረሙ፣ የወገብዎ ነገር እኔንም ቤተሰቤንም ሲያሳስበን ቆይቷል። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የድምፅ ማጉያዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ በኩል ሳሮ፣ ማለትም ሰላም ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ከሚወርደው የጠዋት ብርድ በስተቀር የሚያስቸግረን የለም፤ ይህ ደብዳቤም በከፊል ስለዚሁ ብርድ ነው።

እኔ ቃለሕይወት ዳና እባላለሁ። በከሰዓት ፈረቃ የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ በጠዋቱ ፈረቃ ደግሞ የአንዲት አሮጌ መኪና ተማሪ ነኝ፤ በዚህኛው ትምህርት ስምንት ወር ሙሉ ስወድቅ ቆይቻለሁ። በጥር ወር በተካሄደው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ተራ ቁጥር ሰባት ሆኖ፣ ከሁሉም ጎልቶ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሰፈረው ፊርማ የእኔ ነው። አቤቱታዬን ሲያነቡ ይህን ፊርማ አጠገብዎ ቢያስቀምጡት ይጠቅመዎታል፤ እኔን ግን አይጠቅመኝም።

ወደ ቅሬታዎቼ ከመግባቴ በፊት ስለ መኪናዋ ጥቂት ላስረዳ። ባለቤቴ ማክዳ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ኃላፊ ነች። ሥራ መግቢያዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ከመናኸሪያ የሚነሣው ሚኒባስ ግን የሚያውቀው ሰዓት የለም፤ የሚያውቀው መሙላትን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓመት ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ በሁለተኛው ላይ ሦስተኛ ቢደገም ከክፍሉ ኃላፊነት ተነሥታ ወደ ሌላ ቦታ እንደምትዛወር ተጽፎ ነበር። ማክዳ ያንን ክፍል ትወደዋለች። ሕፃናት አዝለው ከሩቅ ገጠር የሚመጡትን እናቶች በስም ታውቃቸዋለች፤ የቀረችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። እኔም ባሏ ነኝና፣ “ከእንግዲህ ሚኒባስ አትጠብቂም” ብዬ ቃል ገብቼ በመስከረም ወር ከቦዲቲ አንዲት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። ሻጩ መኪናዋን ለማየት ስሄድ በቀትር ፀሐይ ሞተሯን አስነሥቶ ጠበቀኝ። እኔም እንግዳ እንዳይደክም ብሎ አስቀድሞ ያስነሣ ትሑት ሰው መስሎኝ እጁን በሁለት እጄ ይዤ አመሰገንኩት።

በማግሥቱ ማለዳ ቁልፉን ሳዞር ትሕትናው ምን እንደነበረ ገባኝ። መኪናዋ ከሞቀች ለማንም ትነሣለች፤ ብርድ ካደረባት ግን ለባለቤቷም አትነሣም። ያን ዕለት ጠዋት ያዳነኝ፣ ተከብረው ይኑሩና፣ የመንደራችን ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ለቀቅኩ፤ መኪናዋ ቁልቁል መንደርደር ስትጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሯ ነቅቶ ተነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ከመንገዱ አናት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሬ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርጌ አቆማታለሁ። እንግዲህ ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ቁልቁለቱ የእኔ ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተር ማስነሻዬ ነበር። ሌላው ሰው ሞተሪኖውን ኮፈኑ ሥር ሲያስቀምጥ እኔ መንደሩ ውስጥ ዘርግቼው ነበር። ኮሚቴዎ ይህን የግል ንብረት ያለ አንዳች ካሣ አናቱን ቆርጦ፣ እግሩን ሞልቶ፣ በላዩ ላይ ድንጋይ አንጥፎበታል። ንጣፉ ምን ያህል ደልዳላ እንደሆነ የምመሰክረው እኔ ነኝ፤ ባለፈው እሑድ ማታ መኪናዬን ከላይኛው ጫፍ አቁሜ ፍሬኗን ለቅቄ ስጠብቅ አንዲት ስንዝር እንኳ አልተነቃነቀችም።

2ኛ. ኮሚቴዎ ሥራውን በሰዓቱ ጨርሷል። ይህን በጥብቅ እቃወማለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በድምፅ ማጉያዎ “በቅርብ ቀን ይጀመራል” ሲሉን ኖረዋል፤ ከዚያ በፊት የተጀመረው የውኃ ቦይም እስከ ዛሬ አፉን ከፍቶ ባጃጅ ሲጠባበቅ ያድራል። እኔ ኑሮዬን የመሠረትኩት በዚህ በታወቀ ዝግታዎ ላይ ነበር። በጥር ወር ድጋፌን ስሰጥ ልቤ ውስጥ የነበረው ሐሳብ፣ “ፍቅሬ እስኪጨርሱ መኪናዋ በእርጅና ትሞታለች” የሚል ነበር። በሕይወትዎ አንድ ጊዜ ብቻ በቃልዎ ሲገኙ ያ አንድ ጊዜ በእኔ ላይ መድረሱ ለምንድን ነው?

3ኛ. የስብሰባው ጸሐፊ ንግግሬን ቃል በቃል ጽፎታል። ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ “የቁልቁለቱን መደልደል የሚቃወም አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ አንድም እጅ አልተነሣም፤ እኔም ዝም ካልኩ ምክንያቴን ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። እርስዎም በዚያች ሰዓት ወደ እኔ ዞረው ሙያዊ አስተያየት እንድሰጥ ጋበዙኝ። መቀመጥ ስችል ተነሣሁ። ጠመኔ አንሥቼ ዘንበል ያለ ወለል ሣልኩ፤ አንድ ነገር በተዳፋት ላይ ሲሆን በራሱ ክብደት ቁልቁል እንደሚሳብ በቀስት አሳየሁ፤ በክረምት በጭቃው የሚንሸራተቱትን እናቶች ጠቅሼ ድምፄ ተቆራረጠ። በመጨረሻም “በከፊል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይደልደል” የሚለውን ማሻሻያ ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ የዚያን ተዳፋት ጥቅም የማውቅ ብቸኛው የፊዚክስ ሰው፣ በፊዚክስ ተጠቅሜ አስቆረጥኩት። ጭብጨባው ረጅም ነበር፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ለምን እውነቱን አልተናገርክም የሚሉኝ ከሆነ፣ መልሱ በሦስት ውሸቶች ተከፍሎ ይገኛል። ለጎረቤቶቼ መኪናዋን ከመንገዱ አናት የማቆማት የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ እንዲያይልኝ ነው ብያለሁ። ለዘበኛው ደግሞ ጥላው ተመችቶኝ ነው ብያለሁ፤ በምሽት ስለ ምን ጥላ እንደማወራ ግን አልጠየቀኝም። ለማክዳ የነገርኳት ከሁሉ የባሰ ነው፤ በየጠዋቱ ሞተር ሳላስነሣ ቁልቁል የምንንደረደረው ቤንዚን ለመቆጠብ እንደሆነ፣ ያደጉት አገሮችም እንዲህ እንደሚያደርጉ አስረዳኋት። ባለቤቴ ብልህ ሴት ነች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር።

መካኒክ ዘንድ አልሄድክም ወይ ይሉኝ ይሆናል። እንዴት አልሄድም! ኤርካሎ የሚባል ስመ ጥር መካኒክ ከቤቴ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል፤ ነገር ግን ኤርካሎ ከእኔ ጋር በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ስለሚያገለግልና መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን ሞተሯን ሳሞግስለት ስላመሸሁ፣ ለእሱ ማሳየት ሞት መሰለኝ። ስለዚህ በድብቅ ቦዲቲ እወስዳት ነበር። ቦዲቲ ስደርስ መኪናዋ መንገዱን ሁሉ ሮጣ ሞቃለች፤ መካኒኩ ቁልፉን ገና ሲነካው ትነሣለች። “ምንም የለባትም” ይለኛል። አራት ጊዜ ሄድኩ፤ አራት ጊዜ ጤነኛ ነች ተባልኩ። “አሳድራትና ጠዋት በብርዷ ልያት” ሲለኝም፣ በሚኒባስ ስመለስ የሶዶ ሰው ያየኛል ብዬ እምቢ አልኩ። ከዚያ በኋላ በግምት ማከም ጀመርኩ፦ ባትሪ ቀየርኩ፤ ካንዴላ ቀየርኩ፤ ዘይት ቀየርኩ፤ በመጨረሻም የማክዳን ጋቢ ኮፈኑ ላይ አለበስኳት። ከመኪናዋ በቀር ያልሞቀ አልነበረም፤ ማክዳም ጋቢዋን ስታጣ በንዴት ሞቃ ነበር።

4ኛ. ሥራው የተጀመረው ከታች ወደ ላይ በመሆኑ፣ ቁልቁለቴ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ እያጠረ ሄደ። ሰው የቀረውን ዕድሜ እንዲህ በሜትር እንዲቆጥር ማድረግ ተገቢ ነው ወይ? የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ያለቁት ቅዳሜ ነው። ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማክዳን አስቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አቃሰተ። ደገምኩ። ሠለስኩ። በአራተኛው ጊዜ ማቃሰቱንም ተወው።

ማክዳ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያም እኔን አየችኝ። አዲስ ውሸት ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝም። እሷም በሩን ከፍታ ወደ መናኸሪያው መራመድ ጀመረች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ሦስተኛው ደብዳቤም በዚያው ቀን እንደሚጻፍ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ይህች ሴት የምትወደውን ክፍል ልታጣ የደረሰችው በሚኒባስ አይደለም፤ በመንገዱም አይደለም፤ የባሏን ኩራት ስትሸከም ነው።

ከመኪናዋ ወርጄ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩና ሕይወቴን ሙሉ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ፦ “መኪናዬ አትነሣም! ግፉልኝ!” የማለዳ ጸሎት ጨርሰው የሚወጡት ወንድሞችና እህቶች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ መጡ። ሱቁን ገና እየከፈተ የነበረው ሳሊህ ቁልፉን ለባለቤቱ ለናጂያ ጥሎላት መጣ። “መምህር፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?” አለኝ ትከሻውን ከኋላ እያስጠጋ፤ “እኛ እኮ ከመስከረም ጀምሮ መቼ ይጠሩን ይሆን እያልን ነው የከረምነው።” ለካ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል! ያፈርኩት እዚያው ነው፤ እፎይ ያልኩትም እዚያው ነው። በደለደሉት መንገድ ላይ፣ ድንጋዩ ምንም ሳያንገጫግጫት፣ መኪናዋ በሰው ጉልበት ሮጣ ተነሣች። ማክዳን መናኸሪያው ሳትደርስ ደረስኩባት። ገብታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገችና ከከተማ ስንወጣ “ቁጠባው ቀረ?” ብላ ጠየቀችኝ። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርን፤ እናቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

በማግሥቱ ኤርካሎ ማንም ሳይጠራው በነጠላ ጫማው መጥቶ፣ ብርድ ያደረባትን መኪና ከፍቶ አያት። ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ወፍራም ገመድ በጣቱ ሲነካው ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። “ጋሼ፣ ይሄ መኪና ጤነኛ ናት” አለኝ፤ “ገመዱ ብቻ ነው የበሰበሰች። ሦስት ቤት ነው እኮ!” ለመቀየር አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። የተበላሸ ገመድ ኤሌክትሪክ እንደሚያስቸግር፣ ስሙም ሬዚስታንስ እንደሚባል፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በየሁለተኛው መንፈቅ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ አሁን ከዳሞታ አናት ላይ ብታድርም ትነሣለች።

ስለዚህ ኮሚቴው ቁልቁለቴን እንዲመልስልኝ አልጠይቅም። የምጠይቀው በቃለ ጉባኤው ላይ “መምህር ቃለሕይወት በሙያቸው ያቀረቡት ሐሳብ” የሚለው “መምህር ቃለሕይወት በፍርሃት ያቀረቡት ሐሳብ” ተብሎ እንዲስተካከል፣ እንዲሁም ቦዩ አንድም ባጃጅ ሳይውጥ እንዲከደን ብቻ ነው። ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለነጭ ወንበርዎም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

መንገድዎ እንደ መንገዳችን የተደላደለ ይሁን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በዘገየ ሐቀኝነት እሰናበታለሁ፤

ቃለሕይወት ዳና
ተራ ቁጥር ሰባት

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ለማክዳ፣ ከነጋቢዋ
ለኤርካሎ መካኒክ
ለሱቁ በር (ሳሊህ እንዲለጥፈው ፈቅዷል)

ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት በአጥርዎ ሥር ሳልፍ ከግቢዎ ውስጥ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ፤ አቃሰተ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አቃሰተ። ጥቂት ቆይተው በእግርዎ ወጡና ሐኪም የእግር ጉዞ እንዳዘዘልዎ ነገሩኝ። እግዚአብሔር ይማርዎት። እኛ ከጸሎት መልስ በየማለዳው በበርዎ እናልፋለን፤ ሳሊህም ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ይደርሳል። ትከሻው ከእኛ ነው፤ በሩን ከፍቶ “ግፉልኝ” ማለት ግን በውክልና አይሆንም።